እኔንም ይመለከተኛል

«ቱቦው እንዳለ ይቀመጥላቸው! ካሁን ወዲያ ደግሞ ለምን ሊፈልጉት ነው?» አለ ሙሐሲን ከጅዳ። ስልኩ በማጉያ ላይ ስለነበር ድምፁ ቤቱን ሞላው። ታላቅ ወንድሙ ፈንታው ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ ወንድማማቾች በአባታቸው እርጅና ላይ የሚሳሳቁት ዓይነት ሳቅ ነበር። ኡምኩልሱም ግን ከመጋረጃው ወዲያ፣ ጓዳ ውስጥ ተቀምጣ በባሏ ካፖርት ውስጠኛ ገበር ላይ ኪስ እየሰፋች ነበርና መርፌው አውራ ጣቷን ወጋት። ጣቷን ጎረሰች። ኪሱ የሽንት ከረጢቱ እንዲያርፍበት የታሰበ ነው። ባሏ አቶ ሀምዱ ሽንታቸው ድንገት ተዘግቶ በቱቦ እንዲወርድ ከተደረገ አራተኛ ወሩ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቱቦው ወጥቶ ተሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ሽንቱ እምቢ ብሎ፣ ሌሊቱን ሲያቃስቱ አድረው ተመልሶ ገብቶላቸዋል። ዛሬ ከደሴ የመጣ ቀዶ ሐኪም ያያቸዋል፤ ሐኪሙ መካነ ሰላም የሚቆየው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ልጆቹ ግን ሐኪሙ ሳያያቸው ነገሩን ጨርሰውታል። «ቀዶ ጥገናው ለጎረምሳ ነው እንጂ» አለ ሙሐሲን፤ «ሰባት ልጅ ወልደዋል፣ የልጅ ልጅ አይተዋል፣ ምን ቀራቸው?» ፈንታውም «እሱስ ልክ ነህ» አለ። ከዚያ ስለ ቤቱ ጣሪያ ማውራት ቀጠሉ።

ኡምኩልሱም ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ካፖርቱን ገልብጣ አየችው። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። አቶ ሀምዱን ያገባቻቸው የልጆቹ እናት ከሞተች በኋላ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሆናቸው። ያኔ አገሩ ሁሉ የሚያውቃቸው የበቅሎ ነጋዴ ነበሩ። ከላላ ገበያ ላይ ሀምዱ ጥርሱን ያላዩት በቅሎ አይሸጥም ይባል ነበር። ወረኢሉም ደጎሎም ሲደርሱ ሰው ተነስቶ ወንበር ይለቅላቸዋል። ስታገባቸው ሰው ሁሉ የሚያወራላት ይህንኑ ነበር፤ ስለ ገበያ ሰውነታቸው። ከመጋረጃው በስተ ጓዳ ያለውን ሰው ግን ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም። በጨለማ ቀስ ብለው የሚያወሩትን፣ የሚያስቋትን፣ ከስድሳ ዓመታቸው በኋላም «ነይ እስኪ» ሲሏት እንደ ሙሽራ የምትደነግጠውን ማንም አያውቅም። ቱቦው ከገባ ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። ከረጢቱን የምትደፋው እሷ ነች፤ ስትደፋላቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ይቅርታ አርጊልኝ» ብለዋት ያውቃሉ አንድ ቀን፤ በዚያ ቀን በጣም አልቅሳለች፤ እሳቸው ግን አላዩም። ይህን ሁሉ ለማን ትናገረው? እናቷ የሉም፤ እህቷ ብትሰማ ትስቅባታለች። «ለምን ሊፈልጉት ነው» የሚለው ቃል ግን ጆሮዋ ውስጥ እንደ ዝንብ ቀረ።

ፈንታው ስልኩን ዘግቶ መጋረጃውን ገለጠ። የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነው፤ መንገድ ዳር የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው፤ አባቱን የሚወድ፣ ለሰው የሚደርስ፣ ግን ነገር ሁሉ በእሱ አፍ ካላለቀ ደስ የማይለው ሰው ነው። «እትዬ፣ አንቺ ቤት ዋዪ» አላት። «ወረፋ ልያዝ ቀድሜ እሄዳለሁ። አባባን ባጃጅ እልክላቸዋለሁ። ቱቦው በየወሩ እንዲቀየርላቸው አስጽፌ እንመለሳለን፤ የሴት ሥራ እዚያ የለም።»

«እኔም እመጣለሁ» አለች።

«ምን ልትሠሪ?»

ተነስታ ካፖርቱን አራገፈችና ወደ ውጭ ወጣች። ፈንታው ትንሽ ቆሞ አያትና ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

አቶ ሀምዱ ከቤቱ ግድግዳ ስር፣ ፀሐይ ያገኘበት ላይ ተቀምጠው ነበር። የኅዳር ብርድ ገና አልለቀቀም፤ ከአባይ በኩል የሚመጣው ነፋስ የባሕር ዛፉን ቅጠል ያንሾካሽካል። ካፖርቱን አለበሰቻቸው፤ ከረጢቱን ኪሱ ውስጥ አስገባችላቸው፤ እሳቸው በእጃቸው ከላይ ዳሰስ አደረጉና «አይታይም» አሉ፤ ደስ አላቸው። ባጃጁ ሲመጣ ግን አልገባም አሉ። የኮብልስቶኑ መንገድ ሲያንገጫግጭ ቱቦው ውስጣቸውን ይስባል፤ ከዚያ በላይ ግን፣ ኡምኩልሱም እንደምታውቀው፣ ከአራት ወር በኋላ ሰው ፊት በእግራቸው ሲሄዱ መታየት አምሯቸዋል። በዝግታ ሄዱ። የሚያገኙት ሰው ሁሉ «አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ሀምዱ፣ ጠፉ እኮ» ይላል። እሳቸውም ቀና ብለው ይመልሳሉ። ክንዳቸውን ልትይዝ ብትል ቀስ ብለው አነሱት። የእህል ወፍጮውን እንዳለፉ፣ ሰው ከሌለበት ስፍራ ቆሙ።

«ሰምተሻል አይደል?» አሏት።

«ምኑን?»

«ልጆቹን። መስኮቱ ክፍት ነበር።»

ኡምኩልሱም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እሳቸው ደግሞ ወደ ሩቁ፣ የገብስ አዝመራ የሚታጨድበትን ማሳ ያያሉ። «አርባ ዓመት በቅሎ ስሸጥ» አሉ፣ «ያረጀ ነው ተብሎ የመጣልኝን ሁሉ ጥርሱን ሳላይ፣ ሳላስኬደው ዋጋ ተናግሬ አላውቅም። እኔን ግን ማን አየኝ?» ከዚያ መሄድ ጀመሩ። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ እርምጃቸው እኩል ነበር።

ሆስፒታሉ ግቢ ሰው ሞልቶታል። ቀዶ ሐኪሙ መምጣቱ ከተሰማ ወዲህ ከከላላ በበቅሎ፣ ከገጠሩ በቃሬዛ ሁሉ ሰው እየመጣ ነው። ረጅሙ አግዳሚ ላይ ወንዶች ጋቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው አውርደው ተደርድረዋል፤ ማን ቱቦ እንዳለው፣ ማን እብጠት እንዳለበት አቀማመጡ ይናገራል፤ አፋቸው ግን ስለ ዘንድሮ ስንዴ፣ ስለ ማዳበሪያ መጥፋት፣ የደሴ መንገድ ተከፍቶ እንደሆነ ነው የሚያወራው። በህመሙ ዙሪያ ማንም አይደርስም። ኡምኩልሱም ዙሪያዋን አየች፤ ከወንዶቹ ጋር የመጡት ሴቶች ሁሉ ውጭ ዛፍ ስር ነው የተቀመጡት። እሷም ወደዚያ ልትሄድ ነበር። ያን ጊዜ የአቶ ሀምዱ ስም ተጠራ፤ ፈንታው ካርዱን ይዞ ብድግ አለ።

በሩ ላይ የቆመችው ነርስ ሲስተር ስመኝ ነች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ የማታባብል ሴት። «አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው» አለች። ከዚያ ፈንታውን አየችና «ከረጢቱን የሚደፋላቸው፣ ቱቦው የገባበትን የሚያጥብላቸው አንተ ነህ?» አለችው።

ፈንታው ዙሪያውን ተመለከተ። «እኔ... አይ፤ እትዬ ናት።»

«ሚስታቸው?»

«አዎ።»

«እሷ ካልገባች ማን ሊነግረኝ ነው? እሷ ትግባ። አንተም ከፈለግህ ግባ፤ ግን ቆመህ ነው።»

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀለ ሰማያዊ ጨርቅ፣ የአልኮል ሽታ። ዶክተር በፍቃዱ ወጣት ነው፤ ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይኖች ናቸው። ሆዳቸውን ዳሰሰ፤ የአልትራሳውንዱን ወረቀት አነበበ፤ ከደሴ የመጣውን የላቦራቶሪ ውጤት ገለበጠ። ካንሰር አለመሆኑን ነገራቸው። ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ በዕድሜ ምክንያት አብጦ የሽንቱን መውጫ አንቆታል አለ፤ ከዚያ የወረቀት ጀርባ ላይ ፊኛውን እንደ ቅል፣ ዕጢውን እንደ ሎሚ አድርጎ ሣለና ወደ አቶ ሀምዱ ገፋው።

«ሦስት መንገድ አለ፣ አባቴ» አላቸው። «አንደኛው ይህን ቱቦ እየቀያየሩ መኖር ነው። ይቻላል፤ ግን ቁስለት ያመጣል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ድንጋይ ይሠራል። ሁለተኛው በሽንት ቧንቧው በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ ዕጢውን መፋቅ ነው፤ ሆድ አይቀደድም፤ መሣሪያው ግን እዚህ የለም፤ የእርስዎ ዕጢም በጣም ትልቅ ስለሆነ ሁለቴ መፋቅ ሊያስፈልገው ይችላል። ሦስተኛው ከእምብርት በታች ቀድዶ ማውጣት ነው፤ እሱን እዚሁ እሠራዋለሁ።»

«የመጀመሪያውን ነው የምንፈልገው» አለ ፈንታው ከበሩ አጠገብ ቆሞ። «ተነጋግረንበታል።»

ዶክተሩ አላየውም። «ሌላም ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ» አለ። «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የባልና ሚስት ግንኙነት ላይ የሚለወጥ ነገር ይኖራል። ቱቦው ከመግባቱ በፊት ግንኙነት ነበራችሁ?»

«ኧረ ዶክተር!» ፈንታው እንደ መሳቅ አለ። «እሱን እንለፈው። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው እኮ ነው!»

ኡምኩልሱም ባሏን አየቻቸው። ከላላ ገበያ መሐል ሃያ ሰው ከቧቸው ዋጋ የሚቆርጡት ሰውዬ፣ የልጃቸው ድምፅ ከኋላቸው ስላለ፣ ዓይናቸውን ከሲሚንቶው ወለል ላይ ማንሳት አልቻሉም። ጆሯቸው ቀልቷል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለማንም ያልጎነበሰ አንገት ሲጎነበስ አየች።

«ነበረን» አለች።

ፈንታው «እትዬ!» አለ።

«ነበረን» ብላ ደገመችው። «ደስ ብሎን ነበር የምንኖረው፤ አልሀምዱሊላህ። ዶክተር፣ ነገሩ የእሳቸው ብቻ አይደለም። እኔንም ይመለከተኛል። ንገረን፤ ሁሉንም ንገረን።»

ዶክተር በፍቃዱ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። ከዚያ ለፈንታው፣ በትሕትና፣ «ወንድም፣ ለጥቂት ደቂቃ ውጭ ቢጠብቁን» አለው። ፈንታው አባቱን አየ፤ አባቱ ዞረው አላዩትም። በሩ በቀስታ ተዘጋ።

አቶ ሀምዱ ቀና አሉ። የተናገረችው ሚስታቸው መሆኗን ለማረጋገጥ የፈለጉ ይመስል አንዴ አዩዋትና ፊታቸው ላይ ኡምኩልሱም ለአራት ወር ያላየችው ነገር መጣ። ዶክተሩ ሳይሸሽ፣ ሳያድበሰብስ ነገራቸው። ዘሩ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ይመለሳል፤ ከሽንት ጋር ይወጣል፤ አይጎዳም። ስሜቱ አይጠፋም። አቅሙ ለአብዛኛው ሰው እንደነበረ ይቀጥላል፤ «የሚቀንስበት ሰው ግን አለ፤ እርስዎ ከየትኛው እንደሚሆኑ ልምልልዎ አልችልም» አለ።

አቶ ሀምዱ ካፖርታቸውን አስተካከሉ። ኡምኩልሱም ይህን አቀማመጥ ታውቀዋለች፤ የገበያ አቀማመጣቸው ነው።

«እስኪ ልጠይቅህ ልጄ» አሉት። «ይህን ሥራ ስንት ሰው ላይ ሠርተሃል?»

«ሦስት መቶ ገደማ።»

«ስንቱ ሞተብህ?»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሁለት። አንዱ ልቡ ታሞ ነበር። ሌላውን ግን ደሙ ነው ያሸነፈኝ።»

«ጉድለቱን ደብቆ ከሚሸጥ ሰው ጋር ተገበያይቼ አላውቅም» አሉ አቶ ሀምዱ። «አንተ ቀድመህ ነገርከኝ። ወደ ሌላ አገር ሄጄ ሁለቴ አልፋቅም። እዚሁ ቅደደኝ።» ከዚያ ወደ ኡምኩልሱም ዞረው፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስለ ቤት፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዘመድ ጠይቀዋት ያውቃሉ፤ ስለ ገዛ ሰውነታቸው ሲጠይቋት ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

እሷ ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ከዳኑ በኋላ አጠገቤ መተኛት ይችላሉ?»

«ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ እናቴ። ከዚያ በኋላ የናንተ ጉዳይ ነው።»

አቶ ሀምዱ ሳቁ። ከደረታቸው የወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ ያሉ ሰዎችን ያስገረመ ሳቅ ነበር። የስምምነቱን ወረቀት ሲስተር ስመኝ አቀረበችላቸው። የአራተኛ ክፍል ትምህርት ነበራቸውና ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብለው ጻፉ። ከታች የምስክር ቦታ ነበር። ሲስተር ስመኝ «ልጅዎትን ልጥራ?» አለች። እሳቸው እስክሪብቶውን ለሚስታቸው አቀበሏት። ኡምኩልሱም በጎልማሶች ትምህርት የተማረችውን ስሟን፣ ረጅሙን ስሟን፣ አንድም ፊደል ሳትዘል ጻፈች፤ ወረቀቱ ላይ ከባሏ ስም ይልቅ የእሷ ሰፋ ብሎ ታየ።

ፈንታው ውጭ፣ የግቢው አጥር ጥግ ቆሞ ነበር። ኡምኩልሱም ወደ እሱ ስትሄድ ዓይኑን ሰበረ። በደህናው ቀን ቢሆን ኖሮ ትቆጣው ነበር፤ አሁን ግን እሱም በመጠኑ እንደተሰበረ አየች። «ሐሙስ ይቀደዳሉ» አለችው። «ሁለት ከረጢት ደም ያስፈልጋል ብሏል።» የደሙን ማዘዣ ወረቀት ዘረጋችለት። ለረጅም ጊዜ አየው። ይህን ጊዜ ስልኩ ጮኸ፤ ሙሐሲን ነው፤ ሥራ ላይ ሆኖ ጊዜ ሰርቆ የደወለ፤ «እህስ፣ ምን ወሰናችሁ?» ሲል ማጉያው ባይከፈትም ይሰማል።

«እኛ አይደለንም የወሰንነው» አለ ፈንታው። «አባባና እትዬ ናቸው።» ሌላ ነገር አልጨመረም። ስልኩን ኪሱ ከትቶ የሸሚዙን እጅጌ እየጠቀለለ ወደ ደም መስጫው ክፍል ሄደ። ሁለተኛውን ከረጢት የሱቁ ጎረቤት ሰጠ፤ ማን እንደለመነው ኡምኩልሱም አልጠየቀችም።

ሐሙስ ዕለት ከቀዶ ክፍሉ በር ፊት ለፊት ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጠች። ዶክተሩ ሲወጣ በሳህን የያዘውን ዕጢ አሳያት፤ የብርቱካን ያህል ነበር፤ «ሽንታቸውን ያነቀው ይሄ ነው» አላት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከባድ ነበሩ። ከረጢቱ ውስጥ የሚወርደው ደም ነበር፤ ሲስተር ስመኝ ከላይ ንጹሕ ውሃ እየለቀቀች ፊኛውን ታጥባለች፤ አቶ ሀምዱ ጥርሳቸውን ነክሰው «ያ አላህ» ይላሉ፤ ሌላ ነገር አይናገሩም። በሦስተኛው ቀን የሚወርደው ቀጋ የተዘፈዘፈበት ውሃ መሰለ፤ በአምስተኛው ቀን ቀጭን ሻይ። ፈንታው በየማታው እየመጣ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ብዙ አያወሩም፤ ስለ ቆርቆሮ ዋጋ ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም «ህም» ይሉታል። አንድ ማታ ከመሄዱ በፊት «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረም። እሳቸው ጭንቅላቱን በእጃቸው ነካ አደረጉለት።

በዘጠነኛው ቀን ቱቦው ወጣ። ሲስተር ስመኝ አንድ ጆግ ውሃ አስጠጣቻቸውና «ካሁን ወዲያ የእርስዎ ነው» አለች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት አምስት ሕሙማን ሁሉ እየጠበቁ ነበር፤ ማንም ግን እየጠበቀ መሆኑን አያሳይም። አንዱ ግድግዳ ያያል፣ አንዱ መቁጠሪያ ይቆጥራል። አቶ ሀምዱ ቀስ ብለው ተነስተው ወደ መጸዳጃው ገቡ። ኡምኩልሱም በሩ ላይ ቆመች። ምንም አይሰማም። «ቢስሚላህ» ሲሉ ሰማች። ከዚያ መጣ፤ መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ ሳይቆራረጥ፣ ቆርቆሮ ባልዲ ላይ እንደሚወርድ የክረምት ውሃ፤ ከጎረምሳ የሚበልጥ ድምፅ። ኮሪደሩ ላይ ያለ ሽማግሌ «አልሀምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ፤ ከክፍሉ ውስጥ እጅ ሲጨበጨብ ተሰማ። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ሳቀች፤ ቀጥሎም ነጠላውን መልሳ ገለጠችው። ምን የሚሸፈን ነገር አለ?

በማግስቱ ወጡ። ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ በቀስታ ግን ቀጥ ብለው ይራመዱ ነበር፤ ኡምኩልሱም ዕቃውን ይዛ ጥቂት ቀደም ብላ ትሄዳለች። የግቢው በር ጋ ሲደርሱ አንድ ሰው «ጋሽ ሀምዱ!» ብሎ ሮጦ መጣ፤ ከደጎሎ እህል የሚያመላልስ በላይ የሚባል ነጋዴ ነው፤ ለዓመታት ገበያ ላይ የሚገናኙ ሰዎች ናቸው። ጉንጫቸውን ሦስቴ ሳማቸው። «ኩላሊት ነው ብለውን ነበር፤ ደህና ሆኑ?» አላቸው።

«ምን ኩላሊት!» አሉ አቶ ሀምዱ፤ በበሩ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ። «ፕሮስቴት ነው። ሽንቴ ተዘግቶ አራት ወር በቱቦ ኖርሁ። ተቀደድሁ፤ ዳንሁ።»

በላይ ዙሪያውን አየና ጠጋ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌሊት አራት አምስቴ እንደሚነሳ፣ ሲሸና እየተቆራረጠ እንደሚያስቸግረው፣ ለማንም ተናግሮ እንደማያውቅ ነገራቸው። ለማን ልበል፣ የትኛውን ሐኪም ልያዝ፣ ከየት ልጀምር ሲል ጠየቃቸው።

አቶ ሀምዱ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ። «ሚስትህ ታውቃለች?»

«ኧረ ጋሽ ሀምዱ! ይሄን ለሷ እንዴት እነግራታለሁ?»

«እንግዲያው ከእሷ ጀምር።»

ኡምኩልሱም ሰማች። ዞራ አላየችም፤ ዕቃውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና፣ ራሷን ቀና አድርጋ፣ እርምጃዋን ሳታፈጥን በመንገዱ መሐል ሄደች።